«ጌት ኦቨር»፦ ስለ መዳንና ስለ መጽናናት የሚነገር አንድ የእንግሊዝኛ ግስ፤ ትርጉሙና አጠቃቀሙ በወለጋ ከተሞች ተማሪዎች ዘንድ

በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የእንግሊዝኛን ቋንቋ ያስተማረ መምህር ሁሉ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ተማሪው ረጅሙንና ከባዱን ቃል ቶሎ ይይዛል፤ አጭሩና ቀላል መስሎ የሚታየው ግን ያሰናክለዋል። «ሪከቨር» የሚለውን ግስ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ይጽፈዋል፣ ይተረጕመዋል፣ በዐረፍተ ነገርም ያገባዋል። ይኸው ተማሪ «ጌት» እና «ኦቨር» የተባሉትን ሁለት ቃላት ከዝቅተኛ ክፍሎች ጀምሮ ለየብቻቸው ያውቃቸዋል። ሁለቱ ተጣምረው «ጌት ኦቨር» በሆኑ ጊዜ ግን «በላይ አገኘ» ብሎ ተርጕሞ፣ ትርጕሙ ለራሱም ስለማይጥመው ዝም ይላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ግስ ምን ማለት እንደሆነ፣ በየትኛው ስፍራ እንደሚገባና በየትኛው እንደማይገባ ለመምህራን በዝርዝር ማስረዳት ነው። ከብዙዎቹ መሰል ግሶች መካከል ይህኛው የተመረጠበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ቃሉ ስለ ሕመምና ስለ ሐዘን የሚነገር በመሆኑ ስሕተቱ ከፈተና ወረቀት ዐልፎ የሰውን ልብ የሚነካ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ጸሐፊው ብዙ ዘመን ባገለገለባቸው በነቀምቴና በሌሎች የወለጋ ከተሞች ተማሪው ሦስት ቋንቋ ይዞ ወደ ክፍል የሚገባ በመሆኑ፣ ስሕተቱ ከየት እንደሚመነጭ ለመመርመር አመቺ ሆኖ መገኘቱ ነው። የእንግሊዝኛው ቃላትና ዐረፍተ ነገሮች ሁሉ በፊደላችን ተጽፈዋል፤ መምህሩ በሰሌዳ ላይ በራሳቸው ፊደል ሊጽፋቸው ይችላል።

በነቀምቴ አንዱን ቋንቋ በሌላው መመርመር አዲስ ነገር አይደለም። ኦነሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1894 ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከመበትን የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ አሳትሞ፣ በ1899 የመጽሐፍ ቅዱስን ሙሉ የኦሮምኛ ትርጕም ካወጣ በኋላ፣ በ1904 ወደ ነቀምቴ መጥቶ ያስተምር ነበር። ከዚያ ወዲህ የማስተማሪያው ቋንቋ በየዘመኑ ተለዋውጧል። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ ይሰጥ ነበር። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በኦሮምኛ መሰጠት ጀመረ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል አንሥቶ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃም የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደነገገ። ስለዚህ በአኖ፣ በስሬ ወይም በጊምቢ ያለ ልጅ ስለ ሕመሙ ለእናቱ በአንድ ቋንቋ፣ ከሩቅ ለመጣ መንገደኛ ምናልባት በሌላ ቋንቋ፣ ለመምህሩ ደግሞ በሦስተኛ ቋንቋ መናገር ይኖርበታል። በሦስቱም ቋንቋዎች ታሞ መዳን አንድ ዐይነት አነጋገር የለውም። የችግሩ ሥር እዚህ ላይ ነው።

የግሱ ጠባይ

እንግሊዝኛ ከግስ ቀጥሎ አንዲት ትንሽ ቃል እየለጠፈ አዲስ ትርጕም የመፍጠር ልማድ አለው። መዝገበ ቃላት በማዘጋጀት ስሙ የታወቀው ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው ሥራው መቅድም ላይ፣ ለባዕድ ሰው ከሁሉ የሚከብደው የቋንቋው ክፍል ይህ እንደሆነ አስታውቆ ነበር። ዛሬ በሰዋስው መጻሕፍት የምናገኘውን «ፍሬዛል ቨርብ» የተባለውን ስያሜ በጽሑፍ ያስተዋወቀው ሎጋን ፒርሳል ስሚዝ ሲሆን፣ ይህም እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። ስያሜው ከጠባዩ በብዙ ዘመን ያነሰ መሆኑን ልብ ይሏል።

ለአንድ አሳብ ሁለት ቃል፣ ማለት «ሪከቨር» እና «ጌት ኦቨር»፣ የኖሩበት ምክንያት በታሪክ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የፈረንሳይኛ ቃላት በብዛት ገቡ፤ «ሪከቨር» በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን የተወረሰ ነው። «ጌት» ግን ከሰሜን ሰዎች ቋንቋ የመጣ፣ «ኦቨር»ም ከጥንቱ እንግሊዝኛ የቀረ የቤት ቃል ነው። በመሆኑም ሐኪሙ በመዝገቡ ላይ የሚጽፈው «ሪከቨርድ» ብሎ ሲሆን፣ የበሽተኛው እናት ለጎረቤቷ የምትናገረው «ጌት ኦቨር» በሚለው ነው። ይህ ልዩነት ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። እኛም «ተፈወሰ» እና «ተሻለው» አሉን። ጉንፋን ይዞት የነበረውን ጓደኛውን «ተፈወስህን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ያስቃል እንጂ ተሳሳተ አይባልም። «ሪከቨር»ን በየስፍራው የሚያገባ ተማሪም እንደዚሁ ነው፤ ሰዋስዉ ትክክል ሆኖ ሳለ ንግግሩ የመጽሐፍ ይሆንበታል።

ሁለት ቃላት ተጣምረው ከሁለቱም የተለየ አሳብ መስጠታቸውን ለተማሪ ለማስረዳት ከእንግሊዝኛ መነሣት አያስፈልግም። አማርኛ «አለ» በሚለው ግስ ይህንኑ ያደርጋል። «ብድግ አለ»፣ «ቀና አለ»፣ «ዝም አለ» ስንል የተናገረ ሰው የለም፤ እንዲያውም በመጨረሻው ምሳሌ «አለ» የመናገርን ተቃራኒ ይገልጻል። አማርኛን የሚማር ባዕድ «ዝም አለ»ን ቃል በቃል ቢተረጕም፣ የእኛ ተማሪ «ጌት ኦቨር»ን ሲተረጕም ከገባበት ጉድጓድ ይገባል። ኦሮምኛም እንዲሁ «ጨል ጄዼ» ሲል «ዝም አለ» ማለቱ ነው፤ «ጄዼ» ብቻውን «አለ» ማለት ነው። በወለጋ ክፍሎች ይህን ምሳሌ ከኦሮምኛ ማምጣት ከሁሉ የበለጠ ፈጥኖ የሚያስረዳ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ከዚህም በላይ «ተሻለው» እና «ሻል አለው» በሚሉት መካከል ያለውን ልዩነት ተማሪው ያለ አስተማሪ ያውቃል። የመጀመሪያው ድኗል ለማለት የሚቃረብ ሲሆን፣ ሁለተኛው ገና ትንሽ ቀለል ብሎለታል ማለት ነው። አንዲት ተለጣፊ ቃል ይህን ያህል ልትለውጥ እንደምትችል በገዛ ቋንቋው ካየ በኋላ፣ በእንግሊዝኛው አይደነግጥም።

ከወንዝ ማዶ እስከ ሕመም ማዶ

የ«ጌት ኦቨር» የመጀመሪያ ትርጕም የሚታይና የሚጨበጥ ነው፤ አንድን የሚያግድ ነገር በላዩ ዐልፎ ወደ ማዶ መድረስ ነው። አጥር፣ ግንብ፣ ተራራ፣ ወንዝ ሊሆን ይችላል። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ የሚሄድ መንገደኛ ከደጋው ወደ ደዴሳ ሸለቆ ይወርዳል፣ ወንዙን ይሻገራል፣ ከዚያም ወደ ጊምቢ ከፍታ ይወጣል። የመንገዱን አቀማመጥ የሚያውቅ ልጅ የግሱን ሥዕል በሙሉ ይዞታል፤ ቁልቁል፣ ወንዝ፣ ዳገት፣ ከዚያም ማዶ። የደዴሳ ሸለቆ በወባ የታወቀ መሆኑ ደግሞ ምሳሌውን ከወንዙ ወደ ሕመሙ ለማሸጋገር ያገለግላል።

«ሂ ጎት ኦቨር ማላሪያ» የተባለ እንደሆነ፣ እንግሊዝኛው ሕመሙን እንደ ሸለቆ፣ በሽተኛውንም እንደ መንገደኛ አድርጎ ይመለከታል። ባለቤቱ ሰውየው ነው፤ የሚያልፈው እርሱ ነው፤ ሕመሙ ባለበት ይቀራል። አማርኛና ኦሮምኛ ነገሩን የሚያዩት ከሌላ ማዕዘን ነው። «ወባ ያዘኝ» እንላለን፤ ያዡ ወባው ነው። በኦሮምኛም «ቡሳን ነ ቀቤ» ማለት ይኸው ነው። በሽታ ይይዛል፣ ይጥላል፣ ያድርበታል፣ ይነሣበታል፣ በመጨረሻም ይለቃል። ሰውየው በእነዚህ ዐረፍተ ነገሮች ሁሉ ድርጊቱ የሚፈጸምበት እንጂ የሚፈጽም አይደለም። «ተሻለው» የሚለውን እንኳ ብንመለከት፣ «ው» ሰውየውን ተሳቢ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ የተሻለው ምን እንደሆነ አይነገርም።

ተማሪዎች ስለ ሕመም ድርሰት ሲጽፉ «ማላሪያ ኮት ሚ፤ ዜን ኢት ሌፍት ሚ» የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው። ዐረፍተ ነገሩ ስንፍና ያመጣው አይደለም፤ ተማሪው ሁለት ቋንቋዎች የተስማሙበትን አሳብ በታማኝነት ወደ ሦስተኛው ማሸጋገሩ ነው። መምህሩ በቀይ ቀለም ሰርዞ «ጌት ኦቨር» ብሎ ቢጽፍበት ስሕተቱ ይታረማል እንጂ ምክንያቱ አይገለጥም። መገለጽ ያለበት የባለቤቱ መለወጥ ነው። ለዚህ የሚረዳ ድልድይ በኦሮምኛ ውስጥ አለ። «ፈዬ» የተባለው ግስ ዳነ፣ ጤና አገኘ ማለት ሲሆን ባለቤቱ ሰውየው ነው፤ በሰላምታ ላይ ዘወትር ከሚሰማው «ፈያ» ከተባለው ቃል ጋር አንድ ቤት ነው። አማርኛም «ዳነ» እና «አገገመ» የተባሉትን በዚሁ መልክ ይዟል። ስለዚህ መምህሩ ከ«ተሻለው» ሳይሆን ከ«ዳነ»ና ከ«ፈዬ» ቢነሣ ተማሪው ባለቤቱን በትክክለኛው ስፍራ ያስቀምጣል።

ሁለተኛው የተለመደ ስሕተት «ፍሮም» የተባለችውን መስተዋድድ መጨመር ነው። «አይ ጎት ኦቨር ፍሮም ማላሪያ» የሚል ያልጻፈ ተማሪ ጥቂት ነው። «ከሕመሙ ዳነ» የሚለው «ከ» በአሳቡ ስላለ ነው፤ «ሪከቨር ፍሮም» የሚለውንም ቀድሞ ስለተማረ ይበልጥ ይጸናበታል። «ኦቨር» ራሱ የመስተዋድድን ሥራ ስለሚሠራ ሌላ አያስፈልገውም። ወንዝን ስንሻገር «ከወንዙ ተሻገርሁ» እንደማንል ሁሉ፣ «ደዴሳን ተሻገርሁ» እንደምንል ሁሉ፣ «ጌት ኦቨር»ም ሕመሙን በቀጥታ ይወስዳል። ተውላጠ ስም በገባ ጊዜም ቢሆን ሁለቱ ቃላት አይለያዩም፤ «ጌት ኦቨር ኢት» እንጂ «ጌት ኢት ኦቨር» አይባልም። የኋለኛው ሌላ ነገር ነው፤ ወደ ታች እንመለስበታለን።

ለየትኛው ሕመም እንደሚባል ማወቅም ይገባል። ጉንፋን፣ ኢንፍሉዌንዛ፣ ወባ፣ የሆድ ሕመም፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያለ ድካም የግሱ ተራ ስፍራዎች ናቸው። ሁሉም መጀመሪያ፣ መካከልና ማለቂያ አላቸው። ዕድሜ ልክ አብሮ ለሚኖር ሕመም ግን አይስማማም፤ ማዶ የሌለውን ወንዝ ተሻገረ አይባልምና። ለሞት ያሰጋ ሕመምን በተመለከተ እንግሊዝኛ «ፑል ስሩ» የሚል ሌላ ግስ አለው፤ ይህም በእኛ «ከሞት አፋፍ ተመለሰ» ከምንለው ጋር ይዛመዳል። ነፍሱን ስቶ የነበረ ሰው ነፍሱን ባወቀ ጊዜ ደግሞ «ካም ራውንድ» ይባላል እንጂ «ጌት ኦቨር» አይባልም፤ ነፍሱን ያወቀ ሰው ገና አልዳነም ይሆናልና።

የጊዜው ነገርም መታየት አለበት። ግሱ ቅጽበትን ሳይሆን ጉዞን ያመለክታል። «ሺ ኢዝ ጌቲንግ ኦቨር ኢት» ማለት «እያገገመች ነው» ማለት ሲሆን፣ «ኢት ቱክ ሂም ሱ ዊክስ» ብሎ የጊዜውን ርዝመት መናገር የተለመደ ነው። ከሕመም ወደ ችግር ሲሸጋገርም ጠባዩ አይለወጥም። የገንዘብ እጥረትን፣ ዓይን አፋርነትን፣ ፍርሃትን «ጌት ኦቨር» ማድረግ ይቻላል። እዚህ ላይ አማርኛ በትክክል ይገናኘዋል። «ክፉውን ቀን ተሻገረው»፣ «ክረምቱን ተሻገርን» እንላለንና። ለቀንና ለወቅት የምንጠቀምበትን ሥዕል እንግሊዝኛው ለሕመምም ያውለዋል፤ ልዩነቱ ይህን ያህል ነው። «አይ ካንት ጌት ኦቨር ሃው ቢግ ሂ ሃዝ ግሮውን» የተባለ እንደሆነ ግን ማንም አልታመመም። «እንዲህ አድጎ ማየቴ እስካሁን ይገርመኛል» ማለት ነው፤ መገረም እንደ ተራራ ሆኖ አላሳልፍ ብሏል።

ስለ ሐዘን

የግሱ አስቸጋሪ ስፍራ ሐዘን ነው። «ሺ ኔቨር ጎት ኦቨር ኸር ማዘርስ ዴዝ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር «የእናቷ ሐዘን አልወጣላትም» ብሎ መተርጐም ትክክልና ያማረ ትርጕም ነው። «ጌት ኦቨር» መርሳት ማለት እንዳልሆነ ግን መነገር አለበት። በነገራችን ላይ መርሳት ማለት የሆነው «ፎርጌት» በጥንት ከ«ጌት» ጋር አንድ ሥር ያለው ቃል ነው፤ ይሁን እንጂ ሁለቱ በትርጕም ተለያይተዋል። ሐዘኑ የወጣለት ሰው የሞተበትን አልረሳም፤ ሐዘኑ ከመንገድ የማያስቀረው ሆኗል ማለት ብቻ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ጸሐፊው በ1970ዎቹ መጨረሻ በወለጋ ከተሞች በአንዲቱ ሲያስተምር አሳምሮ ያውቅ ነበር። ያላወቀው ቀጥሎ ያለው ነው። ለአንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ከላይ የተጻፈውን ዐረፍተ ነገር በሰሌዳ ላይ አስፍሬ፣ በትይዩው «ወጣላት፤ ተጽናናች» ብዬ ጻፍሁ። አንዱ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ እንግዲያስ ለቅሶ ላይ ‹ይውጣልህ› ለማለት ‹ጌት ኦቨር ኢት› ይባላል?» ሲል ጠየቀኝ። አስተያየቱ ብልህነት ያለበት መሰለኝ፤ ግሱን ወደ ትእዛዝ አንቀጽ መለወጡንም ወደድሁለት። «አዎን፣ ይባላል» አልሁት። ክፍሉም በደብተሩ ላይ ጻፈው።

በዚያ ዘመን በትምህርት ቤቶቻችን ብዙ የህንድ መምህራን ያስተምሩ ነበር። በእኛም ዘንድ የሒሳብ ትምህርት የሚያስተምሩ አንድ ህንዳዊ ነበሩ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አባታቸው እንደሞቱ በቴሌግራም ተነገራቸው፤ ለቀብር ሊደርሱ የማይችሉ በመሆናቸው እዚያው ቀሩ። ተማሪዎቹ ደንግጠው ደብዳቤ አዘጋጁ። የክፍሉ አለቃ ወደ እኔ አምጥቶ፣ «ቲቸር፣ ስሕተት ካለበት እዩልን» አለኝ። ከሰላምታው ቀጥሎ «እጅግ አዝነናል» የሚል ነበረበት፤ ከዚያ ቀጥሎ «ጌት ኦቨር ኢት»፤ ከዚያም የክፍሉ ስም። አንዲት የተገደፈች ፊደል አገባሁና «ጥሩ ነው፣ ውሰዱ» አልሁ። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ሠላሳ የሚያህሉ ልጆች ወደ መምህሩ ቤት ሄደው፣ ደብዳቤውን ሰጥተው፣ እንደ አገራችን ልማድ በደጁና በግቢው ተቀምጠው እስኪመሽ ቈዩ።

መምህሩ ወደ ሥራ በተመለሱ ጊዜ ደብዳቤውን በመምህራን ክፍል አሳዩኝ። አልተቈጡም። «ልጆቹ ምን እንዳሉኝ ያውቃሉ?» ብለው ጠየቁኝና፣ የነገሩኝን ወደ አማርኛ ብመልሰው «አሁንስ አበዛኸው፤ ይበቃሃል፤ ተወው» እንደ ማለት መሆኑን አስረዱኝ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህን ቃል በትእዛዝ መልክ የሚናገረው በሰውየው ሐዘን ወይም ቅሬታ ለተሰላቸ ጊዜ ነው፤ በጨዋታ ሽንፈት ለሚያኰርፍ ሰው ይባላል፤ አባቱ ለሞተበት ግን አይባልም። «ልጆቹ ደጄ ላይ ተቀምጠው ባላይ ኖሮ በጣም አዝን ነበር» አሉ። ለማን እንደሚገባኝ ስላወቅሁ ስሕተቱ የማን እንደሆነ ነገርኋቸው። ክፍሉን ሰብስቤ ላርም፣ ሌላ ደብዳቤም ላስጽፍ ብል፣ የመጀመሪያው እንዳይለወጥ ለመኑኝ። ቃሉን ግን በማግሥቱ በሰሌዳ ላይ አረምሁ።

ጉዳዩን ባሰብሁበት መጠን ስሕተቱ ከመዝገበ ቃላት የመጣ አለመሆኑ ተገለጠልኝ። የእያንዳንዱ ቃል ትርጕም ትክክል ነበር። የተሳሳተው የአንቀጹ ሥራ ነው። በእኛ ቋንቋ ለሐዘንተኛ «ጽና» ማለት ትእዛዝ ቢመስልም ምርቃት ነው። «ያጽናህ»፣ «ይውጣልህ» የሚሉትም በዘንድ አንቀጽ መልክ የተነገሩ ምኞቶች ናቸው፤ የሚፈጽመው ሌላ ነው፤ ሐዘንተኛው የሚጠየቀው ነገር የለም። በእንግሊዝኛ ትእዛዝ አንቀጽ ግን የሚጠየቀው ሐዘንተኛው ራሱ ነው። ቀደም ሲል ስለ ወባ የተባለው እዚህ ላይ ተመልሶ ይመጣል። ባለቤቱ ሰውየው ስለሆነ፣ ያልተሻገረ እንደሆነ ጥፋቱም የእርሱ ይሆናል። በሕመም ጊዜ ሰውን የሚያከብረው የቋንቋው ጠባይ በሐዘን ጊዜ ይከብደዋል።

ስለዚህ ለሐዘንተኛ በእንግሊዝኛ የሚነገረው ስለ ተናጋሪው እንጂ ስለ ሐዘንተኛው አይደለም። «ዊ አር ቬሪ ሶሪ ፎር ዩር ሎስ»፣ ይኸውም «ባጋጠማችሁ ሐዘን እጅግ አዝነናል» ማለት ይበቃል። ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ አጭርና ቀዝቃዛ ነው ይላሉ፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ። ይሁን እንጂ የሌላውን ሰው ቋንቋ ስንናገር የእርሱን ልክ መቀበል ግድ ነው። ሐዘኑ ስለወጣለት ሰው በሦስተኛ መደብ መናገር አይከለከልም፤ ሰውየው ስለ ራሱ «አልወጣልኝም» ብሎ ቢናገርም ግሱ የተገባ ነው። «ቶሎ ወጣላት» ማለት ግን በእንግሊዝኛም እንደ እኛው ሐሜት ይሸታል።

አሁን ከላይ ወዳቈየነው እንመለስ። «ጌት ኢት ኦቨር» የሚለው ከኋላው «ዊዝ» ተጨምሮበት «ጌት ኢት ኦቨር ዊዝ» በሆነ ጊዜ «ተገላገለ» ማለት ነው። የማይወደድ ነገርን፣ ለምሳሌ ፈተናን፣ የጥርስ መነቀልን፣ ደስ የማይል ንግግርን ፈጽሞ ማረፍ ነው። እዚህ «ኦቨር» ያለቀ፣ ያለፈ ማለት እንጂ በላይ ማለት አይደለም፤ ስለዚህም ተሳቢው በመካከል ይገባል። ፈተና ሲደርስ በምሳሌነት ቢነሣ ተማሪው አይረሳውም።

ለማስተማር የሚረዱ አንዳንድ አሳቦች

ግሱን በቃላት ዝርዝር ውስጥ ከአንድ አማርኛ ቃል ጋር አጣምሮ ማስያዝ፣ ከላይ በተገለጸው ምክንያት፣ ጉዳቱ ያመዝናል። እ.ኤ.አ. በ1973 ሁለት ጠቃሚ መጻሕፍት ወጥተዋል። አንዱ ዶክተር አምሳሉ አክሊሉ ከጂ. ፒ. ሞዝባክ ጋር ያዘጋጁት የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ነው፤ ሌላው ፕሮፌሰር ወልፍ ሌስላው የእንግሊዝኛን ቃላት በሙሉ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አግብተው ዐረፍተ ነገሩን ወደ አማርኛ የመለሱበት መዝገበ ቃላት ነው። የሁለተኛው ዘዴ ለእንዲህ ያሉ ግሶች ይመረጣል። መጽሐፉ በማይገኝበት ትምህርት ቤት ዘዴው ይገኛል። መምህሩ ሦስትና አራት ዐረፍተ ነገሮች ሰጥቶ ተማሪው በቤቱ ቋንቋ እንዲመልሳቸው ያደርጋል፤ በምላሹ ላይ «ተሻለው»፣ «ዳነ»፣ «ተሻገረ»፣ «ወጣለት» እየተለዋወጡ ሲመጡ፣ አንድ ግስ አራት ፊት እንዳለው ክፍሉ ራሱ ያያል።

በፈተናዎቻችን ዘንድ ይህ ግስ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በባዶ ቦታ መሙያ መልክ ነው። «ጌት» ተጽፎ ተከታዩን ቃል ከአራቱ እንዲመርጥ ተማሪው ይታዘዛል። ይህ ቃሉን ማወቁን ይፈትናል፤ ለማን እንደሚናገረው ማወቁን አይፈትንም። እኔ የምሰጠው መልመጃ ከዚህ የተለየ ነው። አምስት ሰዎችን በሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ከወባ የተነሣ የአጎት ልጅ፣ በእግር ኳስ ተሸንፎ ያኰረፈ ጓደኛ፣ እናቷ የሞተችባት የክፍል ባልደረባ፣ ነገ ፈተና ያለበት ወንድም፣ ስኳር በሽታ ያለባቸው ጎረቤት። ከዚያም ለእያንዳንዳቸው አንድ መስመር በእንግሊዝኛ እንዲጽፉ አዝዛለሁ፤ «ጌት ኦቨር» የሚገባው ለየትኞቹ እንደሆነ ግን አስቀድሜ አልነግራቸውም። የጽሑፋቸውን ምክንያት በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ እንዲያስረዱ እፈቅዳለሁ። ከሁሉ የበለጠ ክርክር የሚነሣው ዘወትር በሦስተኛይቱና በአምስተኛው ላይ ሲሆን፣ ክፍለ ጊዜው ሳይበቃ ደወል የሚደወልበት ጊዜ ብዙ ነው።